የበረኛዋ ዋስ

ሰው ማባረር ለበረኛዋ ከብዷት አያውቅም። ጌም በሚሠራው የአርባ ሰው ቡድን ውስጥ ይህን ቅጽል ያወጡላት ሥራዋን አይተው ነው። ማን እንደሚገባ፣ ማን ደጅ እንደሚቀር፣ ገብቶ ያጠፋው ደግሞ መቼ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። አብዛኞቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። ድምፃቸውን በኮምፒውተር እየሰማች ታስገባቸዋለች፣ ድምፃቸውን እየሰማች ትሸኛቸዋለች። የዚያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ጣቷ «አስወጣ» የሚለው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ። የሚወጣው ጆሮ ነበር።

ጆሮ ያሉት የጌሙን ድምፅ ሁሉ የሚሠራው እሱ ስለሆነ ነው። ጌሙ መብራት ጠፍቶባት ስለቀረች ከተማ ነው፤ ተጫዋቹ መንገዱን የሚያገኘው በማየት ሳይሆን በመስማት ነው። ጆሮ ደግሞ በሙያው ሊፍት ጠጋኝ ነው። የገመድ ሲጥሲጥታ፣ የበር ትንፋሽ፣ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የሚያጉረመርም ነፋስ ከየሕንጻው እየለቀመ ያመጣል። በረኛዋ ይህን ድምፅ ሁለት ዓመት ሰማች። ከዚያ ባለቤቱን አገኘችው፤ አምስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እያገኘችው ወደደችው። አርባዎቹም ያውቃሉ፣ ግን እንዳላወቀ ሰው ዝም ይላሉ።

አሁን ግን ደሟ ፈልቷል። ገና ያልወጣው የጌማቸው ካርታ ቅዳሜ ዕለት የተቀናቃኞቻቸው ገጽ ላይ ተለጥፎ አይታዋለች።

ቡድኑ አንድ ጊዜ ተዘርፎ ያውቃል። አንድ አፈ ጮሌ ሰዓሊ ገብቶ የግማሽ ዓመት ሥራቸውን ይዞ ተሰወረ፤ ሥዕሎቻቸውንም በሌሎች ስም ወጥተው አዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ በረኛዋ በሩን አጠበቀችው። አዲስ ሰው ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። ምን ትችላለህ? ጀምረህ የተውከው ነገር ምንድን ነው? ዋስህ ማነው? ዋስ የሌለው አይገባም። የገባው ከካደ ዋሱም አብሮት ይወጣል፤ ዋሱ በራሱ ጥፋት ከወጣም ያስገባቸው ሁሉ በሰባት ቀን ውስጥ ሌላ ዋስ ይጠራሉ፣ ካልሆነም ይሄዳሉ። ደንቡን የጻፈችው ራሷ ናት።

ከዚህ በላይ ደግሞ የራሷ ዘዴ ነበራት። በሕንጻ ንድፍ ቢሮ የምትሠራ ሰው ናትና መስመር ላይ ቀልድ አታውቅም። ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ የከተማዋን ካርታ ስትልክ አንዲት ትንሽ ነገር ትለውጣለች፤ ለአንዱ መስኮት ትጨምራለች፣ ለሌላው የመብራት ምሰሶ ታጣምማለች። ካርታው ሾልኮ ከወጣ የማን እንደሆነ በአንድ እይታ ታውቃለች። ሁለት ሰው በዚህ ይዛለች። ከጠረጴዛዋ በላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ወረቀት ለጥፋለች።

በተቀናቃኞቹ ገጽ ላይ በወጣው ካርታ ወደ ከተማዋ የውሃ ጉድጓድ የሚያወርደው ደረጃ ሦስት ነው። በሌሎቹ ካርታዎች ሁሉ አራት ነው።

«ባለሦስት ደረጃው የጆሮ ነው» አለች፣ አርባው ሰው እየሰማ።

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት የጌሙ ታሪክ ጸሐፊ፣ ልጁም አፍ አለው፣ እስቲ እሱም ይናገር ብለው ሞከሩ። ጆሮ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

«የፈተና ካርታ ነው የላክሽልኝ? ለእኔ?»

ፈተናው ለአዲስ ሰው ነበር። ጆሮ ቡድኑን ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ካርታው ወጥቷል» አለች። «ሌላው ወሬ ነው።»

«እሺ። ከማስወጣትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂኝ። አንድ ብቻ።»

«ካርታው መልሶልኛል።»

ቁልፉን ተጫነችው። ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ጠፋ፣ የአርባ ሰው ዝርዝር ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት። ቢሰድባት፣ ቢጮህባት፣ ቢያስተባብል በወደደች። እንደዚያ ዝም ብሎ መውጣቱ አንጀቷን አሳረራት፣ ያን ዕለት ያናገራት ሁሉ የቁጣዋን ድርሻ አገኘ።

ለምን ፈተነችው? ነገሩ የተጀመረው ምሳ ላይ ነው።

በረኛዋ የምትኖረው አባቷ ባሠሩት ባለዘጠኝ ፎቅ ሕንጻ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሕንጻውን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ተከራዩ፣ ጥበቃው፣ ሊፍቱ በእሱ እጅ ነው። ጆሮ በወር አንድ ሐሙስ ሊፍቱን ሊያይ ይመጣል። ወንድም ጋሼ ፊቱን ሳያይ ወረቀቱ ላይ ይፈርምለታል። አንድ ሐሙስ ግን እህቱ ለሊፍት ጠጋኙ ውሃ ስታቀብለው አየ። ሰውየው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሲቀበል ዓይኑ ብርጭቆው ላይ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ነገሩን በሆዱ ያዘ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። በዚያ ቤት ስለ ጌሙ ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም፤ የልጅ ጨዋታ ነው እያሉ ነው የሚያልፉት። እሷም ጠያቂ ብርቅ ሆኖባት ሁሉንም ዘረገፈችው። ጥያቄዎቹን፣ ዋሱን፣ ምልክት ያለውን ካርታ ነገረችው። አባቷ ልጄ ከዳኛ ትበልጣለች ብለው ሳቁ። ወንድም ጋሼ ግን አልሳቀም፤ ጎረሰና «የምትወጂውን ሰውስ ፈትነሽዋል?» አላት። «ወይስ ፈተናው ለባዳ ብቻ ነው?»

ነገሩ እግር ውስጥ እንደቀረ እሾህ ሆነባት፤ ስትራመድ ይወጋታል። በዚያው ሳምንት የጉድጓዱን ደረጃ ሦስት አድርጋ ለጆሮ «የታረመው ይኸው» ብላ ላከችለት። አንድ ቅጂም በወረቀት አትማ ግርጌው ላይ «ጆሮ» ብላ ጻፈችና ግድግዳዋ ላይ በስፒል ሰካችው። ምሳ ላይ የሆነውን ግን ለእሱ አልነገረችውም።

በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶላት ነበር። «የጉድጓዱ ደረጃ አራት አልነበረም? የእግሩን ድምፅ እንደገና ልቅዳው ወይስ ተሳስተሽ ነው?» ይላል። እሷም ተሸማቃ «ሦስት ይሁን» ብላ ጻፈችለት። ከዚያ ይህን መልእክት ረሳችው፣ ወይም ስትናደድ መርሳት ቀለላት።

አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ጆሮ አልጻፈላትም፣ አልደወለላትም። እሷም እንኳን ልትደውል ስሙ ሲነሳ ጥርሷን ትነክስ ነበር። ረቡዕ ከሥራ ተመልሳ ካርታውን ከግድግዳው ላይ ነቅላ ልትቀደው ያዘችው። ስፒሉ የወጣበት የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀርታለች።

እጇ ቆመ።

የተቀናቃኞቹን ገጽ ከፍታ ሥዕሉን አተለቀችው። የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች። ቅዳሜ ዕለት ቆሻሻ መስላት አልፋታለች። አሁን ግን የስፒል አናት መሆኗ፣ ጥላዋም ወደ ግራ መውደቁ ወለል ብሎ ታያት። ለጆሮ የላከችው ፋይል ነው፤ ወረቀት አያውቅም፣ ስፒልም አያውቅም። ፎቶ የተነሳው እዚህ ግድግዳ ላይ ያለው ነው። ደረጃ ስትቆጥር ጥጉን አላየችም። ካርታው ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት የክፍሏን አምፖል ሊቀይር የገባው ደግሞ ማን እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር።

ምድር ቤት ወዳለው የወንድሟ ቢሮ እሳት ጎርሳ ወረደች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት። ወንድም ጋሼ አየውና አልካደም። ያንን ገጽ ማግኘት ከባድ እንዳልነበር ነገራት፣ ስም ሳይጠቅስ እንደላከላቸው ነገራት።

«በሩን ዝጊው» አላት ደግሞ።

«ለምን? ጥበቃዎቹ እንዳይሰሙ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው። ነገ ይኼ ግራሶ በግራሶ የሆነ ሰውዬ አማችህ ነው ስባል ምን ልበል? አባዬስ በሠራው ቤት…»

«ሌባው አንተ ነህ፣ ጋሼ።»

«እኔ ፎቶ ነው ያነሳሁት። ያባረርሽው አንቺ ነሽ።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? ትጠይቂዋለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። ብትጠይቂው ያልቅልኝ ነበር።»

ልትመታው ትችል ነበር። እጇ ተነስቶም ነበር። ግን የተነሳው እጅ ማንን መምታት እንዳለበት ጠፋው፤ ወንድሟ ያለው እውነት ነበርና። ከቢሮው ስትወጣ የምትጠላው ሰው ሁለት ሆኖ ነበር፣ አንዱን ደግሞ ይዛው ነው የምትዞረው።

በማግስቱ ወርኃዊው ሐሙስ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ጠበቀችው።

ሊፍቱ ዘጠነኛው ፎቅ ሊደርስ ሲል ቆሟል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ቢጫ መከልከያ ታስሮበታል። ጆሮ በሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ገመዱን እየፈተሸ ነው፤ ከወለሉ በላይ የሚታየው ደረቱና ራሱ ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ዓይን ለዓይን እኩል ሆኑ። እሱ ግን ገመዱን ነበር የሚያየው።

«ሊፍቱ አይሠራም፣ እመቤቴ» አላት። «በደረጃ ይውረዱ።»

አንቱታው ከስድብ በላይ ጎዳት። ትናንት ማታ ስትደጋግመው ያደረችውን ይቅርታ ፍለጋ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ነው አለች። ከግድግዳዬ ላይ ፎቶ አንስቶ ነው፣ የስፒሉን አናት አይቻለሁ፣ አሁን ሁሉንም አውቄያለሁ አለች። እየተንተባተበች ስትጨርስ ጆሮ ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ወንድምሽ የሰረቀው ካርታ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ያቺን ሦስት ደረጃ ለመቅዳት ሙሉ ቅዳሜ ስወጣና ስወርድ ዋልኩ። አራት አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ። እንደዚህ የሚጠይቅ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ድምፁ አሁንም አልጮኸም፣ ግን ጉድጓዱ ተቀብሎ ዘጠኝ ፎቅ ወደ ታች ወሰደው። «ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ስሜን አይጠይቅም። ገመዱን ማን እንዳሰረው አያውቅም። ነፍሱን አንጠልጥሎልኝ ቆሞ ስልኩን ያያል። የማያውቀኝ ሰው በቀን ሺህ ጊዜ ያምነኛል። አንቺ ደግሞ ታውቂኛለሽ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ነው ያደግኩት» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አስጠላት።

«የጠረጠረውስ? እሱ ምን ተረፈው?» ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ስትመጪ ማንም አልፈለገሽም። የሀብታም ልጅ ናት፣ ሲሰለቻት ትሄዳለች አሉ። ደንቡ ገና ሳይጻፍ፣ ለእሷ ማን ዋስ ይሆናል ሲባል አንድም ሰው አልነበረሽም። እኔ ነኝ አልኩ። ፊትሽን ሳላይ፣ ካርታ ሳልልክልሽ።»

«አልረሳሁም።»

«ረስተሻል። ደንቡን ማን ጻፈው? ዋስ ከወጣ ሰባት ቀን። ዋስሽ ከወጣ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ለሌላው ሰው ቀን ቆጥረሽ ታስወጪያለሽ፤ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

አንድም ቀን ትዝ አላላትም ነበር። የሰውን ሁሉ ዋስ በዝርዝር ይዛ የራሷን መስመር አላየችውም። ጆሮ የበሩን ጠርዝ ያዘ።

«ልዘጋው ነው። እጅሽን አንሺ።»

እጇ የበሩ መንገድ ላይ ነበር። እንደዚያ ተቆጥቶም እስክታነሳው ድረስ ጠበቃት። ከዚያ ዘጋው። በሩ ላይ የራሷ ጥላ ብቻ ቀረ፣ እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

እንደተባለችው በደረጃ ወረደች። ዘጠኙንም ፎቅ እየቆጠረች ወረደች፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ደረጃ ነው። ለሃያ ሰባት ዓመት ስትኖርበት አንድም ቀን ቆጥራው አታውቅም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣችና ለቡድኑ ሁሉ ጻፈች።

«ጆሮ ካርታ አላወጣም። የወጣው ከክፍሌ ግድግዳ ላይ ነው፤ የቡድኑን ምስጢር ምሳ ላይ ለቤተሰቤ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ያተምኩትም እኔ ነኝ። ለአዲስ ሰው የተባለውን ፈተና በስውር የሰጠሁት ለሚወደኝ ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቂኝ ሲለኝ አልጠየቅኩትም። ዋሴ ከወጣ ሰባት ቀን አልፎኛል። ደንቡ ለእኔም ነው። የበሩን የይለፍ ቃል ለጌሙ ታሪክ ጸሐፊ ልኬያለሁ። ጆሮን መልሱት፣ ይቅርታም ጠይቁት፤ ለእኔ ብላችሁ አይደለም።»

ላከችው። ቀጥላ «አስወጣ» የሚለውን ቁልፍ በራሷ ስም ላይ ተጫነች። በዚህኛው ጊዜ ጣቷ አልተንቀጠቀጠም።

ማታ ራት ላይ ለአባቷ ሁሉንም ተናገረች። ሊፍት ጠጋኙን እንደምትወደው፣ ወንድሟ ያደረገውን፣ እሷ ያደረገችውን። አባቷ ወንድ ልጃቸውንም ሴት ልጃቸውንም ተራ በተራ አዩ። እናቷ ናቸው የተናገሩት፣ ያውም ሳህን እያነሱ። «ሰውን ሌባ ስታደርጉ አንድ ላይ ሆናችሁ» አሉ፣ «ይቅርታ ስትሉም እንደዚያው አንድ ላይ ውረዱ።» ወንድም ጋሼ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። ማንም ተቀመጥ አላለውም።

አርብ ዕለት እንደማንኛውም አዲስ ሰው የመግቢያውን ቅጽ ሞላች። የዋስ ቦታ ላይ ስትደርስ ባዶውን ተወችው። ዋስ የሌለው እንደማይገባ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የሞላችው ለመግባት አልነበረም፤ በሩ ላይ ቆመው የሚመለሱ ሰዎች የሚሰማቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ልትሰማው ፈልጋ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ተገኝተዋል። ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ሰማች። ከዚያ በሩን አሁን የያዘው ሰው ድምፅ መጣ፣ እሷም ወንበሩን ጨብጣ ያዘች። በሩን ለጆሮ ሰጥተውታል።

«ምን ትችያለሽ?» አላት። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ለማያውቀው ሰው የሚሆን ድምፅ ነው።

«ካርታ እነድፋለሁ።»

«ጀምረሽ የተውሽው ነገር ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ ስንቱን ሰው ጠይቃለች። ተማሪ ቤት ያሉ፣ ጊታር ያሉ፣ ስፖርት ያሉ ነበሩ። ለራሷ ግን አንድ መልስ ብቻ ነበራት።

«ሰው ማመን» አለች። «አንድ ሰው ማመን ጀምሬ ነበር። ሳልጨርሰው ተውኩት።»

ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን አወቀች። ጆሮም ይህን ድምፅ እየሰማው እንደሆነ አወቀች፣ የማይሰማው ነገር የለምና።

«ዋስሽ ማነው?»

«የለኝም።» የቅጹን ባዶ ቦታ አየች። «ዋስ ነበረኝ። ያባረርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከደጅ መልሱኝ፣ ደንቡ ነው።»

«ደንቡን እኔም አንብቤዋለሁ» አላት። አሁን ደረቁ ድምፅ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ከስንጥቁም የወጣው ቁጣ ነበር። «ስሚ። ተናድጄብሻለሁ። ጠዋት ስነሳ እናደዳለሁ፣ ገመድ ሳጠብቅ እናደዳለሁ። ነገም እናደዳለሁ፣ ወር ቢሞላም የሚበርድልኝ አይመስለኝም። ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ አትጠብቂ፤ አላልኩሽም። ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«እንግዲያው ቅጹ ላይ ጻፊው። ዋስሽ እኔ ነኝ።»

በረኛዋ እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ መጻፍ አቃታት። አንድ ጊዜ ቢሰድባት ምን ነበረበት? ቢጮህባት፣ በሩን ፊቷ ላይ ቢዘጋው፣ እሷም በተራዋ ብትጠላውና ቢገላገሉ ምን ነበረበት? ከነቁጣው መጥቶ እንደገና በእሷ ምክንያት ሊባረር የሚችልበት ቦታ ላይ ቆመላት። ተናደደችበት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እያለቀሰች፣ እንደዚህ ደግ በመሆኑ እስከ አንጀቷ ተናደደችበት፣ በዚያው ንዴት በባዶው ቦታ ላይ ስሙን ጻፈች።